ጭላዳ አይፈርምም

ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ጸሐፊያችን አስካለ በሩን ሳታንኳኳ ገባችና «አቶ ተሰማ ሌሊት ዐረፉ» አለችን። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ብድግ አሉ። እኔ አልተነሣሁም። መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ ስለ ሟቹ አልነበረም፤ ከአንኮበር ቁልቁል ባለው ጤና ጣቢያ ስለምትሠራው ስለ ሲስተር ዘምዘም ነበር። «አሁን መስመሯ ሊቆረጥ ነው» አልኩ በልቤ። ሰው ሞተ ሲባል ስለ ኢንተርኔት መስመር የሚያስብ ሰው ክፉ ሊመስል ይችላል። አቶ ተሰማን የሚያውቅ ግን አይፈርድብኝም።

አስካለ ዕንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ወደ ጠረጴዛዬ መጣች።

«ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ቤተ ክርስቲያን ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ ውስጥ የሥራውን ክፍል አንቺ ጻፊልን።»

«እኔ?»

«ሌላ ማን አለ? አብረሻቸው የሠራሽ አንቺ ነሽ፤ አጻጻፍም ታውቂያለሽ። ሁለት መስመር ይበቃል። ደግ ደጉን ብቻ።»

ጽፌ ሰጠኋት። ከሁለት መስመር አላለፍኩም። ያልጻፍኩት ግን ቀኑን ሙሉ ሲከተለኝ ዋለ፤ እዚህ የማሰፍረው እሱን ነው።

ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ የተቀጠርኩበት የደብረ ብርሃን ጽሕፈት ቤት በሕዝብ ገንዘብ የተዘረጋ የኢንተርኔት ኔትወርክ ያስተዳድር ነበር። ከቢሯችን ጣሪያ የሚነሣው ሞገድ አንኮበር ጋራ አናት ላይ ወዳለው ማማ ይሄዳል፤ ከዚያ ደግሞ ወደ ቆላውም ወደ ደጋውም ይበተናል። ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ ቀበሌው፣ ሁሉም ጣሪያው ላይ ትንሽ ሰሃን፣ ቤት ውስጥ ደግሞ አንድ ጥቁር ሳጥን ተሰጥቶታል። ሳጥኑ ላይ አረንጓዴ መብራት ከበራ መስመር አለ ማለት ነው። የዚህ ሁሉ ኃላፊ አቶ ተሰማ ነበሩ።

ረጅም፣ ደረቅ ሰው ነበሩ። ከላያቸው የማይወልቅ ቡናማ ካፖርት ነበራቸው፤ ወገባቸው ላይ ደግሞ የቁልፍ ዘለላ። ከእሳቸው ቀድሞ የሚመጣው የቁልፉ ድምፅ ነው። ኮሪደሩ ላይ ሲንኳኳ ወሬ እናቆማለን፤ ሥራ የሌለው እንኳ ወደ ኮምፒውተሩ ያቀረቅራል። የገባሁ ዕለት ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ምንድነው የተማርሽው?» አሉኝ።

«ኮምፒውተር ሳይንስ።»

«አልሰማሁም።»

«ኮምፒውተር ሳይንስ» አልኩ በድጋሚ። ከልጅነቴ ጀምሮ ድምፄ አይወጣም፤ በተለይ ሰው ሲያየኝ።

«ዲግሪሽን በሹክሹክታ ነው እንዴ የሰጡሽ?»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ስሜ ማህሌት መሆኑ ቀረ። «ሹክሹክታን ጥሩልኝ» ይላሉ ከቢሯቸው ሆነው፤ የሚጠራኝ ሰው እየሳቀ ይመጣል። ስሜን የመለሱልኝ ቀን የለም።

በመጀመሪያው ክረምት የአንኮበር ማማ በተደጋጋሚ ይጠፋ ነበር። ማማው በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ነው፤ ጉሙ ደግሞ ሲወርድ ሰነባብቶ ነው የሚነሣው። ባትሪው ባዶ ይሆናል፤ መስመሩ ይቆረጣል። ይህንኑ በጥንቃቄ ሪፖርት አድርጌ ይዤላቸው ገባሁ። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት።

«ጉም ማነው?»

«የአንኮበር ጉም ነው፣ አቶ ተሰማ። ፀሐይ ስለማይኖር ባትሪው…»

«የአባቱን ስም ንገሪኛ!»

ሪፖርቱን ወደ እኔ ገፉት።

«ጉም ደመወዝ ይበላል? ጉም ይፈርማል? የማይፈርም ነገር የእኔ ሪፖርት ላይ አይገባም። ማን አበላሸው? ሰው ጥሪልኝ!»

ይህች «ማን አበላሸው?» የምትባል ጥያቄ የሰውየው ጸሎት ነበረች ማለት ይቻላል። ሌላ ሰው «ምን ተበላሸ?» ወይም «እንዴት ይጠገን?» በሚልበት ቦታ እሳቸው የሚሉት ይህንን ነው። መብረቅ ቢመታ፣ አይጥ ሽቦ ቢበላ፣ መብራት ቢቋረጥ፣ የሚጠየቅ ሰው መገኘት አለበት። የዚያን ሳምንት ሪፖርት «የማማው ዘበኛ የፀሐይ ሰሌዳውን ባለመወልወሉ» በሚል ተስተካክሎ አለፈ። ዘበኛው ሰሌዳውን በየቀኑ ይወለውል ነበር። ዓይኑ እያየኝ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ላይ ፈረመ። ከዚያ በኋላ ስለ ጉም የጻፈ ባለሙያ የለም። ማማው ሲጠፋ «ሰላም ነው» እንላለን፤ ሲመጣም «ሰላም ነው» እንላለን።

ገጠር ያሉት ደግሞ የባሰ ነገር ተማሩ። እያንዳንዱ ርእሰ መምህርና የጤና ጣቢያ ኃላፊ ሳጥኑን ሲወስድ በግሉ እንዲፈርም ተደርጓል። አቶ ተሰማ እያስፈረሙ ጣታቸውን ይቀስሩበታል፦ «ቢሰነጠቅ ከአንተ ነው፤ ቢቃጠል ከአንተ ነው፤ ማን አበላሸው ብዬ ስመጣ ሰው አሳየኛለህ።» ሰዎቹ ሞኞች አይደሉም። ዕቃ እንዳይበላሽ ከሁሉ የሚሻለው አለመክፈት ነው።

አንድ ጊዜ ለጉብኝት መዘዞ ወደሚገኝ ትምህርት ቤት ሄድን። ርእሰ መምህሩ ደስ እያለው ተቀበለንና ወደ ቢሮው አስገባን። ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ቁም ሳጥን ከፈተ፤ ከቁም ሳጥኑ ውስጥ ካርቶን አወጣ፤ ከካርቶኑ ውስጥ በዳንቴል የተሸፈነውን ሳጥን አወጣ። የፋብሪካው ፕላስቲክ እንኳ ከላዩ አልተላጠም። መስኮቱ ላይ ተማሪዎች ተደራርበው ያያሉ።

«ተማሪዎቹ ኢንተርኔቱን እንዴት አገኙት?» አልኩት።

«ኧረ እኔ አላስነካኋቸውም!» አለኝ ኮራ ብሎ።

አቶ ተሰማ የእጃቸውን ጀርባ ሳጥኑ ላይ አሳረፉ። ይህ የዘወትር ልማዳቸው ነበር፤ እናት የልጇን ግንባር ለትኩሳት እንደምትነካው ነው የሚነኩት። ትንሽ ቆዩና «ቀዝቃዛ ነው» አሉ። ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ነው። «እንዲህ ነው እንጂ ንብረት መያዝ! ከአንተ ነው ሌላው መማር ያለበት።» ርእሰ መምህሩ በዚያው ዓመት ምስጉን ተብሎ የምስክር ወረቀት ተሰጠው።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ከኋላ ሆኜ «ካልተከፈተ ግን…» ብዬ ጀመርኩ።

«ምን አልሽ፣ ሹክሹክታ?»

«ምንም።»

ከሁሉም ጣቢያዎች ሳጥኑ ሙቅ ሆኖ የሚገኘው አንድ ቦታ ብቻ ነበር። እሱም የሲስተር ዘምዘም ጤና ጣቢያ ነው። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ፣ ገደሉ አፋፍ የተሠራ ነው። ዘምዘም የአልዩ አምባ ነጋዴዎች ልጅ ናት፤ አጭር፣ ፈጣን፣ እየሳቀች የምትሳደብ። ሳጥኑን ከካርቶኑ ያወጣችው በተረከበችበት ዕለት ነው። ከመድኃኒት መደርደሪያው ጫፍ ላይ ሰቅላዋለች፤ ቀንም ሌትም አይጠፋም። የቁስል፣ የሽፍታ፣ የእባብ ንድፊያ ፎቶ እያነሣች ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ላለ ሐኪም ትልካለች፤ እሱም ወዲያው ይመልስላታል። መንገዱ በዝናብም በሌላም ነገር በሚዘጋበት ሰሞን አንዲት ወላድ ደም አልቆም ብሏት፣ ሐኪሙ በስክሪን እያየ «አሁን እዚህ ጋ ተጫኚ፣ አትልቀቂ» እያለ፣ ዘምዘም እጇ እስኪደነዝዝ ተጭና አትርፋታለች። ይህንን የነገረችኝ እንደ ተራ ወሬ ነው። «ማሂዬ፣ ያን ዕለት ያቺ አረንጓዴ መብራት ብትጠፋ ኖሮ ወላሂ እኔም አብሬ እጠፋ ነበር» አለችኝ።

የሚሠራ ዕቃ ደግሞ ይጎዳል። የእሷ ሳጥን አቧራ ጠጥቷል፣ የሻይ ብርጭቆ ክብ ምልክት አለበት። ከዚያ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ መጡ። አንኮበር ገደል ላይ ጭላዳ መንጋውን ይዞ ሲግጥ ይውላል፤ ጣሪያ ላይም ይወጣል። አንዱ ከሰሃኑ የሚወርደውን ሽቦ አግኝቶ ሲጎትተው፣ ውስጥ ያለው ሳጥን ከመደርደሪያው ወርዶ ሲሚንቶ ላይ ተፈጠፈጠ። ማዕዘኑ ተሰነጠቀ። ዘምዘም ስንጥቁን በቁስል ፕላስተር ጠቅልላ መልሳ ሰቀለችው፤ ሠራ። ከዚያ እንደ ሐቀኛ ሰው ስልክ ደውላ አሳወቀች። ስሕተቷ ያ ነበር።

አቶ ተሰማ ስልኩን ሁላችንም እንድንሰማው አደረጉት።

«ሲስተር፣ ማን አበላሸው?»

«ጭላዳ ነው ጌታዬ። ሽቦውን ጎትቶ…»

«ጭላዳ አይፈርምም! ሰው ጥሪልኝ።»

«ሰው አልነካውማ! መጥተው ይዩት፤ የእግሩ ዱካ ጣሪያው ላይ አለ።»

«አንቺ ነሽ የፈረምሽው ወይስ ጭላዳው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ጭላዳው አንቺ ነሽ።»

ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ ዘምዘም ረጋ ብላ «እርስዎ ደግሞ ጣሪያ ላይ የሚወጣው ይቅርና ወንበር ላይ የተቀመጠውን ጭላዳ አጥርተው ይወቁ» አለችና ዘጋችባቸው። ማንም አልሳቀም። እኔ ፊቴን በኮምፒውተሩ ከለልኩ። በዚያ ቢሮ ውስጥ ደስ ካለኝ ጥቂት ቀኖች አንዱ ያ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ገምጋሚዎች መጡ። ጣቢያዎቹን ዞሩ፤ የመስመሩን አጠቃቀም አዩ። መስመሩ ላይ የሚሄድ ነገር የለም ማለት ይቻላል። በስብሰባው አዳራሽ ውስጥ ቡድኑን የሚመሩት ሴትዮ ሳይቆጡ፣ እየደከመው እንደሚናገር ሰው ሆነው፣ «ሕዝቡ ያልተጠቀመበትን ኔትወርክ በሕዝብ ገንዘብ ማስቀጠል አይቻልም» አሉ። አቶ ተሰማ ብድግ አሉ። አሁን ሊከራከሩ ነው ብዬ ጠበቅሁ። እኔ እንኳ እሳቸውን ጠልቼ፣ ለኔትወርኩ ስል በልቤ «በል፣ በል» እላቸው ነበር።

«አስተያየት አለኝ» አሉ። «ከተረከብነው ንብረት ውስጥ አንድም አልጠፋም። ይህ ይመዝገብልኝ።»

ተቀመጡ። ሴትዮዋ ወደሚቀጥለው ነጥብ አለፉ። ያን ያህል ትምህርት ቤት፣ ያን ያህል ጣሪያ፣ የወጣንበት ዳገት፣ በብርድ የተንቀጠቀጥንበት ማማ፣ ሁሉም በአንድ ጠዋት እንዲዘጋ ተወሰነ። ገዳዩ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ካፖርቱን ያራግፍ ነበር። እንዲህ ብዬ ነው የማምነው፤ ዛሬም አልተለወጥኩም።

ዕቃ የመሰብሰቡ ሥራ ለሦስታችን ተሰጠ፦ ለአቶ ተሰማ፣ ለሾፌራችን ለጋሽ ዘውዴና ለእኔ። ከየጣቢያው ሳጥኑን እንቀበላለን፤ እኔ ያለበትን ሁኔታ እጽፋለሁ፤ እሳቸው ይፈርማሉ። የአቶ ተሰማ ደስታ ወሰን አልነበረውም። ካርቶኑ ይከፈታል፣ ዳንቴሉ ይነሣል፣ የእጃቸው ጀርባ ያርፋል፣ «ቀዝቃዛ ነው» ይላሉ። ፒክአፑ አዲስ ዕቃ ከፋብሪካ የሚያመጣ ይመስል ነበር። እኔ ከኋላ ካርቶኖቹን ደግፌ ተቀምጬ በየአንዳንዱ ዳገት ላይ እጠላቸዋለሁ።

የመጨረሻው የዘምዘም ጤና ጣቢያ ነበር። ስንገባ አንድ አባት እግሩ ያበጠ ልጁን አቅፎ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል፤ ዘምዘም ከሐኪሙ ጋር በስክሪን እያወራች ነው። ቀና ብላ አየችን፤ ለምን እንደመጣን ገባት።

«ሰላም ዋላችሁ። ይህን ልጅ ልጨርስ» አለች።

አቶ ተሰማ ወደ መደርደሪያው ሄደው የእጃቸውን ጀርባ ሳጥኑ ላይ አሳረፉና መልሰው ፈጥነው አነሡት።

«ትኩስ ነው» አሉ። ሌባ የያዙ ይመስሉ ነበር። ከዚያ ፕላስተሩን አዩ። «ይሄ ምንድነው?»

«ቁስሉን አሽጌለት ነው» አለች ዘምዘም ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። «ንቀሉትና ውሰዱ እንግዲህ። የነገውን በሽተኛ ለጭላዳ አሳየዋለሁ።»

«እኔ የተበላሸ ንብረት አልረከብም!» አሉ። «ዛሬ ከተረከብኩት ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ማን እንዳበላሸው በኮሚቴ ይጣራል፤ እስከዚያ በአንቺ ስም ይቀመጣል። ጻፊ ሹክሹክታ፦ አልተረከብንም፣ ባለበት ሁኔታ ይቆይ።» ወዲያው እጃቸውን ወደ ሶኬቱ ሰደዱ። «መብራቱን ግን አጠፋለሁ።»

ብዕሬ ወረቀቱ ላይ ነበር። ልጁ ያቃስታል። ሐኪሙ በስክሪኑ ውስጥ «ሄሎ፣ ሲስተር፣ አለሽ?» ይላል።

«ሲገኝ በርቶ ነው» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«ባለበት ሁኔታ ይቆይ ብለዋል። ስንደርስ እየሠራ ነበር። ካጠፉት ሁኔታው ተለወጠ ማለት ነው። ኮሚቴው ሲመጣ ‹ማን አጠፋው?› ይላል።» ብዕሬን ወረቀቱ ላይ እንዳቆምኩ ቀጠልኩ። «ማማውና የቢሯችን መስመርም እንደዚያው ነው። ባለበት።»

አቶ ተሰማ እጃቸው ሶኬቱ ላይ እንዳለ ዞረው አዩኝ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። ጥላቻ ነበር፤ በሌላ ቃል ልጠራው አልችልም። ከዚያ እጃቸውን መለሱ፤ ካፖርታቸው ላይ ጠረጉት።

«ባለበት ይቆይ ብያለሁ» አሉ። «ነገር አታብዢ። ውጪ እንውጣ።»

ጋሽ ዘውዴ እስከ ዛሬ «አውቀው ነው የተዉላት» ይላል። እኔ አላምንም። ደግነት ቢሆን ኖሮ በማግስቱ ያበቃ ነበር። ጽሕፈት ቤቱ ፈርሶ እኛ ወደ ሌላ ክፍል ስንመደብ፣ አቶ ተሰማ ተሰብስቦ የመጣው ዕቃ የተከማቸበት ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆኑ። ኮሚቴው አንድም ቀን አልተሰበሰበም፤ ግማሾቹ አባላት ተዛውረው ነበር። እሳቸው ግን በየወሩ ከግምጃ ቤቱ ይደውሉላታል። «ሲስተር፣ ማን አበላሸው?» «ጭላዳ!» «ጭላዳ አይፈርምም፣ ሰው ጥሪልኝ።» እሷም በየወሩ አዲስ ስድብ ታዘጋጅላቸው ነበር። ከስንት የመንግሥት ሳጥን ውስጥ፣ ክሱ ስላልተዘጋ ብቻ፣ አንዱ ገደል አፋፍ ላይ አረንጓዴ እያበራ ቆየ። ክሱን የያዙት ሰው ደግሞ ለማክሰኞ አጥቢያ ሌሊት ሞቱ።

ቀብሩ ላይ የጻፍኳት ተነበበች። «አቶ ተሰማ በእጃቸው የገባ ንብረት አንድም ሳይጠፋ የጠበቁ ኃላፊ ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ለዚሁ ታምነዋል።» ሴቶቹ አለቀሱ። አስካለ ክንዴን ጨብጣ «እንዴት አሳመርሽው!» አለችኝ። አንዲት ቃል ውሸት የለባትም። እንደዚያ አድርጌ ነው የጻፍኳት።

ከቀብር መልስ ባለቤታቸውን ላጽናና ወደ ቤት ገባሁ። ያን ቤት ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ሳሎኑ ውስጥ ትልቅ ሶፋ አለ፤ የሱቁ ፕላስቲክ ከላዩ አልወጣም። ቴሌቪዥኑ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ባለቤታቸው መሬት ላይ፣ ከሶፋው ሥር በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። እንግዶች ሲቀመጡ ፕላስቲኩ ይንኮሻኮሻል፤ እሳቸው በተንኮሻኮሸ ቁጥር ቀና ይላሉ።

«እንዳይበላሽ ይሉ ነበር» አሉኝ እጄን ይዘው። «ለዛሬ እንኳ ልግፈፈው ብዬ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ ልጄ።»

ለእሳቸው አዘንኩ። ለእሱ ግን፣ ለዚያ ካፖርት፣ አሁንም አላዘንኩም። በሴትዮዋም እንዲህ ማድረጉን ሳይ እንዲያውም ባሰብኝ።

ድንኳኑ ውስጥ አዲሱ ኃላፊያችን አቶ ሀብታሙ ከጎኔ ተቀመጡ። ወጣት፣ ትሑት፣ ለሁሉ ፈገግ የሚሉ ሰው ናቸው፤ ከመጡ ወዲህ አንድ ሰው ላይ እንኳ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«ማሂ፣ ያ የጤና ጣቢያው ጉዳይ» አሉኝ በለሆሳስ። «ከሟቹ ጋር መቅረት አለበት። ምስኪኗን ሴትዮ በጭላዳ ምክንያት ስንት ጊዜ አስጨነቋት! ክሱን እንዘጋዋለን፤ ነገ መኪና ይሂድና ሳጥኑን ያምጡ። እሷም ነፃ ትወጣለች፣ እኛም መስመሩን ዘግተን እንገላገላለን።»

«ሐኪሙ ጋር የምትገናኘው በሱ ነው» አልኩ።

አልሰሙኝም። ድምፄ አልወጣም ነበር። «አይደል?» አሉና ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ወደ ሌላ ሰው ዞሩ።

ያን ዕለት አመሻሽ ወደ ቤቴ ስሄድ ባጃጅ አልያዝኩም፤ በእግሬ ሄድኩ። እንዴት እንደምለምናቸው አሰብኩ። ስለ ወላዷ ብነግራቸው «አዬ!» ይላሉ፤ ያዝናሉ፤ ከዚያ ኔትወርኩ በሕግ መዘጋቱን በትሕትና ያስረዱኛል። ደግ ሰው ላይ መጮህ እንዴት ከባድ ነው! በዚያ ቢሮ ውስጥ ሰውን የሚያስቆም አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የማውቀው፤ እሱን ደግሞ ያስተማሩኝ አቶ ተሰማ ናቸው።

ረቡዕ ጠዋት ሥራ እንደተገባ ወደ አቶ ሀብታሙ ቢሮ ሄድኩ። የመኪናውን መውጫ ሊፈርሙ ብዕር አንሥተዋል።

«ግቢ፣ ግቢ ማሂ። ጋሽ ዘውዴ አራት ሰዓት ላይ ይነሣል፤ አብረሽው ሂጂ። ለሲስተር ነፃ መሆኗን አንቺው ንገሪያት፤ ደስ ይላታል።»

«ማን አበላሸው?» አልኩ።

«እ?»

«ሳጥኑ ተሰንጥቋል። ማን እንዳበላሸው አልተጣራም። ዛሬ ከተረከብነው ያበላሸነው እኛ ነን።» ወንበሩን አልሳብኩም፤ ቆሜ ነው የምናገረው። «እርስዎ ነዎት የሚፈርሙት?»

ብዕሩ አየር ላይ ቆመ። «አይ… እኔማ… እሱ እንኳ አልታየኝም ነበር። እንግዲያው አዲስ ኮሚቴ እስኪቋቋም…»

«ባለበት ሁኔታ ይቆይ። መስመሩም፣ ማማውም፣ ሳጥኑም።»

«ባለበት ይቆይ» አሉ፤ ወረቀቱን ወደ ዳር ገፉት። «ምን አስቆጣሽ ግን?»

ድምፄ ኮሪደሩ ድረስ ወጥቶ ነበር። የማን ድምፅ እንደሆነም አውቄዋለሁ፤ ጠላሁት፤ ግን አልመለስኩትም።

ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ ወደ ጤና ጣቢያው ደወልኩ። ዘምዘም በመጀመሪያው ጥሪ አነሣች።

«ማሂዬ! ሰማሁ እኮ። አላህ ይዘንላቸው፤ ለዚህ ወር ያዘጋጀሁት ስድብ እጄ ላይ ቀረ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እና ልትወስዱት መጣችሁ? ንገሪኝ፤ እዚህ አንዲት ነፍሰ ጡር ይዣለሁ፣ ሐኪሙን እየጠበቅሁ ነው።»

«ሲስተር ዘምዘም» አልኩ፣ ክፍሉ በሙሉ እንዲሰማኝ አድርጌ። «ማን አበላሸው?»

ትንፋሿን ሰማሁት። ከዚያ ቀስ ብላ፣ እየገባት፣ «ጭላዳ ነዋ» አለች።

«ጭላዳ አይፈርምም። ሰው ጥሪልኝ።»

ስልኩን ዘጋሁ። ቀና ስል ክፍሉ ጸጥ ብሏል፤ ሁሉም ወደ ኮምፒውተሩ አቀርቅሯል።